ማን ላከው? አነስተኛ ንግዶች ደንበኛ ለመላላክ የሚጠቀሙባቸው አገልግሎቶች ሲመዘኑ

የማይፎካከሩ፣ ነገር ግን ደንበኛቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት አነስተኛ ንግዶች እርስ በርስ ለመተዋወቅና ለማስተዋወቅ ሲስማሙ፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ቀላል ይመስላል። የቤት ዕቃ የሚሠራው ለደንበኛው የመጋረጃ ቤቱን ስልክ ይሰጣል፤ መጋረጃ ሻጩም በተራው አዲስ ቤት የገባ ሰው ሲመጣለት ወደ ዕቃ ሠሪው ይመራዋል። ጥቂት ቆይቶ ግን አንደኛው ወገን «እኔ ስንት ሰው ልኬለታለሁ፤ ከእሱ ዘንድ ግን አንድም አልመጣልኝ» ማለት ይጀምራል፤ ሌላውም በልቡ ይህንኑ ያስባል። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም የሚያስታውሱት የላኩትን እንጂ የተላከላቸውን አይደለም፤ ምክንያቱም የተላከው ደንበኛ ሱቅ ሲገባ ስለሚፈልገው ዕቃ እንጂ ማን እንደጠቆመው አይናገርም። እስካየሁት ድረስ በትናንሽ ንግዶች መካከል የሚደረግ የጋራ የማስተዋወቅ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው በተንኮል ወይም በጸብ ሳይሆን፣ አንዱ ለሌላው ያደረገው ነገር ባለመታየቱ ነው።

ስለዚህም ለዚህ ሥራ የሚውሉ አገልግሎቶችን ስመዝን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ማን ማንን እንደላከ ሁለቱም ወገኖች ማየት ይችላሉ ወይ የሚለውን ነው። የተጠቃሚው ብዛትም ሆነ የምስሉ ጥራት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የተመለከትኳቸው በአብዛኛው አነስተኛ ንግዶች ቀድሞውኑ በእጃቸው የያዟቸውን ነው፤ እነሱም ቴሌግራም፣ ኢንስታግራም፣ ዋትስአፕ ቢዝነስ፣ በወረቀት ላይ ታትሞ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኪውአር ኮድና በጋራ የሚሞላ ሠንጠረዥ ናቸው። ድረ ገጽ ላላቸው ንግዶች የጎብኚን መነሻ የሚቆጥሩ እንደ ጉግል አናሊቲክስ ያሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ትንሽ ነጋዴ ሽያጩን የሚያካሂደው በስልክና በመልእክት መለዋወጫ ስለሆነ እነሱን እዚህ አላነሳም።

ከቴሌግራም እጀምራለሁ፤ ለዚህ ሥራ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት እሱን ነውና። ቻናል የሚባለው ነገር በቴሌግራም ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ ለጋራ ማስተዋወቅ በእውነት የሚጠቅም የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የቻናል ባለቤቶች ከዋናው ሊንክ ሌላ ተጨማሪ የመጋበዣ ሊንኮችን እንዲፈጥሩ፣ ለእያንዳንዱም ሊንክ የሚያበቃበትን ጊዜና ስንት ሰው ሊጠቀምበት እንደሚችል እንዲወስኑ፣ በየትኛው ሊንክ ማን እንደገባም እንዲያዩ ተደረገ። ይህ ለብዙ ሰው ትንሽ ማሻሻያ ሊመስል ይችላል፤ ደንበኛ ለሚላላኩ ነጋዴዎች ግን የጠፋውን ነገር የሚመልስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቻናሉን ማስተካከያ ከፍተው ወደ መጋበዣ ሊንኮቹ ሲገቡ አዲስ ሊንክ የመፍጠሪያ አማራጭ ያገኛሉ፤ እዚያው ላይ ለሊንኩ ስም የሚሰጥበት ቦታ አለ። ስሙን የሚያዩት አስተዳዳሪዎች ብቻ ስለሆኑ ለራስ በሚገባ ቃል መሰየም ይቻላል፤ አንዱን «መጋረጃ ቤት»፣ ሌላውን «ቀለም ቀቢ»፣ ሦስተኛውን «ኤሌክትሪክ ሠራተኛ» ማለት ይበቃል። እያንዳንዱ አጋር የራሱን ሊንክ ብቻ ይወስዳል፤ በቻናሉ ላይ ይለጥፈዋል ወይም ለደንበኛው በቀጥታ ይልከዋል። ከዚያ በኋላ በስሙ የተመዘገበውን ሊንክ ነካ ሲያደርጉ በእሱ በኩል ስንት ሰው እንደገባ ይታያል፤ ከሥሩም የገቡት ሰዎች ዝርዝር ይወርዳል። «ልኬ ነበር» እና «አልመጣም» የሚለው ክርክር በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ቆጠራ የሚሠራው አጋሩ በትክክል ያንን ሊንክ ሲጠቀም ብቻ መሆኑን አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ። ብዙዎች በልማድ የሚለጥፉት በ@ የሚጀምረውን የቻናሉን መጠሪያ ነው፤ በመጠሪያው ፈልጎ የገባ ሰው ደግሞ በአጋሩ ሊንክ ሥር አይመዘገብም። ፎርዋርድ ማድረግም ይህንኑ ችግር ያመጣል። አጋሩ የእርስዎን ፖስት ወደ ራሱ ቻናል ፎርዋርድ ሲያደርገው፣ አንባቢው ከላይ የተጻፈውን የቻናልዎን ስም ነክቶ ይገባል፤ የሊንኩ ቆጠራ ግን ባለበት ይቀራል። በሌላ በኩል ፎርዋርድ የተደረገ ፖስት በአጋሩ ቻናል ላይ ሲታይ የተመልካቹ ቁጥር በእርስዎ ዋናው ፖስት ላይ ስለሚደመር፣ ምን ያህል ሰው ዓይን እንደደረሰ ለማወቅ ይረዳል። ሁለቱንም ለማግኘት የሚሻለው መንገድ፣ የአጋሩ ሊንክ በጽሑፉ ውስጥ የገባበት ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ ፖስት ሰጥቶ አጋሩ በራሱ ቻናል በራሱ አነጋገር እንዲያወጣው ማድረግ ነው። ደንበኛው የሚያምነው የሚያውቀውን ነጋዴ አነጋገር ስለሆነ፣ ከቆጠራው ባሻገርም ይህ ዓይነቱ ፖስት ከተገለበጠ ማስታወቂያ ይልቅ ይነበባል።

የቴሌግራም ዋና ድክመት ዝርዝሩን የሚያየው አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። የቻናሉ ባለቤት ያያል፤ የላከው አጋር ግን ባለቤቱ የሚነግረውን ከማመን በቀር ምርጫ የለውም። ለዚህ አንድ መፍትሔ አለ፦ አጋሩን ሰው ከመጋበዝ በቀር ሌላ ሥልጣን የሌለው አስተዳዳሪ አድርጎ መሾም። እንዲህ ሲደረግ አጋሩ የራሱን ሊንክ ራሱ ይፈጥራል፤ ማን እንደገባበትም በራሱ ስልክ ይከታተላል። ሆኖም አስተዳዳሪ የሆነ ሰው የቻናሉን ተከታዮች ዝርዝር ማየት ስለሚችል፣ ይህን መንገድ የምመክረው ለረጅም ጊዜ አብረው ለሠሩ ሰዎች ብቻ ነው። ገና በመጀመር ላይ ላሉ አጋሮች በየሳምንቱ መጨረሻ የሊንኩን ቁጥር የሚያሳየውን ገጽ በምስል አንስቶ መላክ በቂ ነው፤ የገቡት ሰዎች ስም ግን በምስሉ ውስጥ መውጣት የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመረው በሊንክ የሚጋራ ፎልደርም ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ሦስትና አራት ንግዶች ቻናሎቻቸውን በአንድ ፎልደር ሰብስበው አንድ ሊንክ ብቻ ሲያሰራጩ፣ ደንበኛው ሊንኩን ነክቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀላቀላል፤ የማይፈልገውን ቻናል ከዝርዝሩ አስቀርቶ መግባትም ይችላል። ቤት ለሚያድስ ሰው ዕቃ ሠሪውን፣ መጋረጃ ቤቱንና ቀለም ቀቢውን በአንድ ላይ ማግኘቱ እውነተኛ አገልግሎት ነው። ነገር ግን ፎልደሩን ያሰራጨው ማን እንደሆነና ከአጋሮቹ መካከል ብዙ ሰው ያመጣው የቱ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ለትውውቅ መልካም ነው፤ ለሒሳብ ግን አይሆንም።

ኢንስታግራም በዚህ ረገድ ከቴሌግራም ጋር ተቃራኒ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አካባቢ የጀመረው «ኮላብ» የተባለው የጋራ ፖስት፣ አንድ ምስል ወይም ቪዲዮ በሁለቱም ንግዶች ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲወጣ ያደርጋል፤ መውደዶቹና አስተያየቶቹም የጋራ ናቸው። አንዱ ፖስቱን ሲያዘጋጅ ሌላውን ይጋብዛል፤ ተጋባዡ ሲቀበል የሁለቱም ስም ከላይ ጎን ለጎን ይወጣል። በዓይን ለሚሸጥ ሥራ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ዕቃ ሠሪው የሠራውን ሶፋ፣ መጋረጃ ሻጩ የሰቀለውን መጋረጃ በአንድ ሳሎን ውስጥ አድርገው በአንድ ፎቶ ሲያወጡ፣ ደንበኛው ሁለት ማስታወቂያ አላየም፤ ያየው አንድ የተሟላ ቤት ነው። የአንደኛው ተከታይ ሌላውን የሚያውቀው ከሥራው ጋር ስለሆነ፣ በጽሑፍ «እገሌ ጎበዝ ነው» ከማለት እጅግ የበለጠ ያሳምናል።

ሆኖም ኮላብ ከዚያ ፖስት ተነሥቶ ዕቃ የገዛውን ሰው ማን እንዳመጣው አይነግርም። ተመልካቹ በየትኛው ገጽ በኩል እንዳየው ሳይታወቅ መውደዱ ለሁለቱም ይቆጠራል፤ አንዱ ብዙ ተከታይ፣ ሌላው ጥቂት ተከታይ ቢኖረው የማን ሕዝብ ለማን እንደጠቀመ መለየት ያዳግታል። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ፖስቱ የመጀመሪያው አዘጋጅ ንብረት ስለሆነ፣ እሱ ባጠፋው ጊዜ ከሁለቱም ገጽ ላይ ይጠፋል፤ ከሥሩ የተጻፈው የደንበኛ ጥያቄና ምስጋናም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ ንግዶች እየተፈራረቁ ቢያዘጋጁ፣ የተነሡትንም ፎቶዎች ሁለቱም በየራሳቸው ቢያስቀምጡ መልካም ነው። በተጨማሪም አንዱ ለሌላው ገንዘብ ወይም ነጻ ዕቃ ከሰጠ ኢንስታግራም ይህን የሚገልጽ የተከፈለበት አጋርነት ምልክት እንዲደረግ ያዛል፤ ምልክቱን መተው ሕግ መጣስ ብቻ ሳይሆን ያመነንን ደንበኛ ማታለልም ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዋትስአፕ ቢዝነስ ስንመጣ፣ ይህ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የታሰበው ለትንንሽ ነጋዴዎች ነበርና ብዙ ነገሩ ለእነሱ የሚመች ነው። ካታሎጉ ዕቃን በፎቶና በዋጋ ለማሳየት ያገለግላል፤ ለጋራ ሥራ ግን ከካታሎጉ ይልቅ የጠቀመኝ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ነው። ወደ ዋትስአፕ የሚያስገባ አጭር ሊንክ ሲዘጋጅ፣ ደንበኛው ሊጽፈው የሚችለውን የመጀመሪያ መልእክት ቀድሞ በውስጡ ማስገባት ይቻላል። ለመጋረጃ ቤቱ የሚሰጠው ሊንክ «ሰላም፣ ከመጋረጃ ቤቱ ተጠቁሜ ነው፤ ስለ ሶፋ መጠየቅ እፈልጋለሁ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይከፈታል፤ ለቀለም ቀቢው የሚሰጠው ደግሞ የእሱን ሥራ የሚጠቅስ ሌላ ጽሑፍ ይይዛል። ደንበኛው ላክ የሚለውን ከመንካት በቀር ምንም አይደክምም፤ ነጋዴው ግን ገና ሰላምታ ሳይመልስ ሰውየው ከየት እንደመጣ ያውቃል።

መልእክቱ እንደደረሰ በአጋሩ ስም የተሰየመ መለያ በንግግሩ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ መተግበሪያው እስከ 20 የሚደርሱ መለያዎችን መፍጠር ስለሚያስችል ለአጋሮችም ለትእዛዝ ደረጃዎችም ይበቃል። በቴሌግራም የምናየው ቻናል የተቀላቀለን ሰው ብቻ ሲሆን፣ እዚህ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ክፍያው ያለው ንግግር በአንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ማን እንደገዛም ይታወቃል። ድክመቱ መለያው በእጅ የሚለጠፍ መሆኑ ነው። ሥራ በሚበዛበት ቀን ይረሳል፤ የተረሳውም ደንበኛ ያለ አስተላላፊ እንደመጣ ተቆጥሮ ይቀራል። አንዳንድ ደንበኛም የተዘጋጀውን ጽሑፍ አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል። ስለዚህ መልስ የሚሰጠው ሠራተኛ መለያውን ከመለጠፉ በፊት ዋጋ እንዳይናገር ማስለመድ ያሻል፤ በዚህ ብቻ ቆጠራው በእጅጉ ይስተካከላል።

ብዙ ነጋዴዎች በዋትስአፕ ላይ የሚያማርሩት፣ አንድ የጅምላ መልእክት ዝርዝር የሚይዘው እስከ 256 ሰው ብቻ መሆኑንና መልእክቱም የሚደርሰው ቁጥራችንን በስልኩ ላይ ላስቀመጠ ሰው ብቻ መሆኑን ነው። እኔ ይህን ገደብ እደግፋለሁ። አጋሬ የሰጠኝን የስልክ ቁጥር ሰብስቤ ለማያውቁኝ ሰዎች ማስታወቂያ እንዳልበትን ያግደኛልና። ደንበኛ በራሱ ፈቃድ ሲመጣ እንጂ ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚገኝ ጥቅም ዕድሜ የለውም።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከተመለከትኳቸው መካከል በፍጹም የማልመክረው አንድ አገልግሎት አለና። ስሙን አልጠቅስም፤ ነገር ግን አነስተኛ ንግዶችን እርስ በርስ አገናኛለሁ፣ የሚስማማዎትን አጋር መርጬ አቀርባለሁ የሚል የክፍያ አገልግሎት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ምዝገባው ሊያልቅ ሲል የደንበኞቼን ስምና ስልክ የያዘ ፋይል እንድጭን ጠየቀኝ፤ ሳልጭን ማለፍም አልቻልኩም። ለምን እንደሚያስፈልግ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ተስማሚ አጋር ለመምረጥ» የሚል ብቻ ነበር፤ ማን እንደሚያየው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚጠፋ የሚገልጽ አንድም መስመር አላገኘሁም። ምዝገባውን እዚያው ላይ አቋረጥኩ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሰውን መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት ለሌላ ማስተላለፍን ይከለክላል፤ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታም ቢሆን፣ ደንበኛ ስልኩን የሰጠን ዕቃው ሲደርስ እንድንደውልለት ነው። ሁለት ንግዶች አብረው ለማስተዋወቅ የደንበኛ ዝርዝር መለዋወጥ ጨርሶ አያስፈልጋቸውም፤ ሊንክ መለዋወጥ በቂ ነው።

በስልክ ከሚሸጠው ይልቅ በሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ለበዛ ነጋዴ ደግሞ ወረቀት ዛሬም አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1994 ዴንሶ ዌቭ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመኪና መለዋወጫዎችን ለመከታተል የፈጠረው ኪውአር ኮድ፣ ለእያንዳንዱ አጋር የተለየ ሆኖ በትንሽ ካርድ ላይ ታትሞ በአጋሩ ገንዘብ መቀበያ አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። ከላይ የተጠቀሱት የቴሌግራምና የዋትስአፕ ሊንኮች ሁሉ ወደ ኪውአር ኮድ ይለወጣሉ። ማስጠንቀቅ የምፈልገው ኮዱን ከማሳተም በፊት ዓይነቱ እንዲጣራ ነው። አድራሻው በቀጥታ በውስጡ የተጻፈበት ኮድ፣ አድራሻው እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ተለዋዋጭ የሚባለው ግን በአዘጋጁ ድርጅት በኩል ስለሚያልፍ፣ የደንበኝነት ክፍያው ሲቋረጥ የታተመው ካርድ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ለአነስተኛ ንግድ የመጀመሪያው ይበቃል።

እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ የሚቆጥሩት ሰውን ነው፤ አጋርነቱ ፍትሐዊ ስለመሆኑ የሚናገሩት ግን ጥቂት ነው። ዕቃ ሠሪው አንድ ደንበኛ ሲያገኝ ትልቅ ሽያጭ ነው፤ ያ ደንበኛ ግን ለሌላ ሶፋ የሚመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ምንጣፍና መጋረጃ የሚያጥበው ጎረቤቱ ደግሞ ከአንድ ደንበኛ የሚያገኘው ትንሽ ቢሆንም ያው ሰው ደጋግሞ ይመጣል። እነዚህ ሁለት ሰዎች «አንድ ላክልኝ፣ አንድ ልላክልህ» ቢባባሉ ሒሳባቸው መቼም ሊገጥም አይችልም። ለዚህም ነው በጋራ የሚሞላው ሠንጠረዥ አስፈላጊ የሚሆነው። ጉግል ሺትስ ሁለቱም ወገኖች ከየስልካቸው እንዲጽፉበት ያስችላል፤ ማን ምን እንደቀየረም በታሪክ መዝገቡ ውስጥ ያስቀምጣል። በሠንጠረዡ ላይ መግባት ያለበት የመጣበት ቀን፣ የላከው አጋር፣ ሰውየው መግዛት አለመግዛቱና የግዢው መጠን ከፍተኛ ወይም አነስተኛ መሆኑ ነው። የደንበኛው ስምና ስልክ አይገባበትም። በዚህ መልክ የተያዘ መዝገብ ዕቃ ሠሪው ለአንድ ሽያጭ በርካታ ሰው መላክ እንዳለበት፣ ወይም በምትኩ የካርዱን የማተሚያ ወጪ ሊሸፍን እንደሚገባው በግልጽ ያሳያል። ሠንጠረዡ ውብ አይደለም፤ መሙላቱም ያሰለቻል፤ ግን ከሁሉም አገልግሎቶች መካከል ሁለቱ ወገኖች ከመላኩ እስከ ግዢው ያለውን ሒሳብ በእኩል የሚያዩበት ብቸኛው እሱ ነው።

ስለዚህ ምርጫው እንደ ሥራው ጠባይ ይለያያል። ተከታይ በቻናሉ ላይ እያሰባሰበ ቀስ በቀስ ለሚሸጥ ነጋዴ ቴሌግራም ይቀድማል፤ በመልእክት ተነጋግሮ ወዲያው ትእዛዝ ለሚቀበል ዋትስአፕ ቢዝነስ ይሻለዋል። ኢንስታግራምን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ደርበው ቢጠቀሙበት ብዙ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አጋርነትን አያቆምም። የፎልደሩን ነገር አጋሮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ እንጂ ከዚያ በፊት አልመክረውም፤ ጥንድ አጋሮችን የሚያስተሳስራቸው የተለየ ሊንክና ሠንጠረዥ ነው።

ለሚጀምሩ ሰዎች የምመክረው ሌላው ነገር፣ ለአጋሩ የሚሰጠው የቴሌግራም ሊንክ ሲፈጠር የሚያበቃበትን ቀን አብሮ መወሰን ነው። ሁለቱ ወገኖች ለሙከራ የተስማሙበት ጊዜ ሲያልቅ ሊንኩም በራሱ ይዘጋል፤ አዲስ ሊንክ ከመፈጠሩ በፊትም ሠንጠረዡን ከፍተው ቁጥሮቹን አብረው ያያሉ፣ የሚስተካከለውን ያስተካክላሉ። ለመቀጠል ካልፈለጉም አንዱ ሌላውን ማስቀየም ሳያስፈልገው አዲስ ሊንክ አለመፍጠር ብቻ ይበቃል።